ተሸካሚው ቃል

ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ እንደ «ጌት» ያናደደኝ የለም። ሌላው ቃል ቢያንስ ጨዋ ነው፤ ሥራውን ያውቃል። «ቴብል» ጠረጴዛ ነው፤ አድሮ ወንበር አይሆንም። «ጌት» ግን ሰኞ መቀበል ነው ይሉሃል፣ ማክሰኞ መድረስ ይሆናል፣ ረቡዕ መድከም፣ ሐሙስ ከታክሲ መውረድ፣ ዓርብ ሰው መጥራት። ሃያ ሁለት ዓመት መርካቶ፣ እህል በረንዳ ስሸከም ብዙ ዓይነት አስመሳይ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለውን ግን አላየሁም።

ዛሬ ግን ቃሉን አመሰግነዋለሁ። ከቃሉ በላይ የማመሰግናቸው ሰዎችም አሉ። አንዱን ለማመስገን መጀመሪያ ማፈር ስላለብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ከሥሩ ማለት ከወገቤ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ከአይሱዙ ላይ ተቀብዬ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከወገቤ ተነስቶ እስከ ግራ ተረከዜ ድረስ አንድ የሚያቃጥል ነገር ወረደ። ጆንያውን አልጣልኩትም። ጥርሴን ነክሼ አደረስኩትና ግድግዳ ተደግፌ ላቤን ጠረግኩ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ራጁን ወደ ብርሃን ይዛ አየችና «ዲስክዎ ተንሸራቷል፤ ከአሁን በኋላ ከባድ ነገር እንዳያነሱ» አለችኝ። «ሥራዬ እኮ ነው» አልኳት። «እንግዲያው ሌላ ሥራ ይፈልጉ» አለችኝ፤ ሌላ ሥራ ጉልት ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ይመስል።

ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ ለደብሪቱ እንኳ ብርድ ነው አልኳት። ተሸካሚ ወገቤን አመመኝ ካለ አለቀለት፤ ነጋዴው «እሱን ተወው፣ ይጥለዋል» ይላል፣ ጓደኛውም አይቶ ከንፈሩን ይመጥለታል። እኔ ደግሞ ከንፈር ሲመጠጥልኝ አልወድም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ስለዚህ ከንፈሬን ነክሼ እየተሸከምኩ፣ ወገቤ ጨርሶ ሳይከዳኝ ሌላ እንጀራ ማግኘት ነበረብኝ።

እንጀራውን ያገኙልኝ ጋሼ ይገረም ናቸው። ጋሼ ይገረም ሠላሳ ምናምን ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገለገለ የተማሪ መጽሐፍ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። የተዋወቅነው አምና አንድ ሳጥናቸውን ከአውቶቡስ ተራ ተሸክሜላቸው ስሄድ ነው። ዳገቱ ላይ «ጋሼ፣ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የከበደው?» አልኳቸው። «ቃላት» አሉኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጎራ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ወሬውን ነገሩኝ። እህል በረንዳ ፊት ለፊት መጋዘን ያላቸው ሐጂ ሙናዊር የውሃ ፓምፕ ከውጭ ያስመጣሉ፤ ዕቃ የሚረከብና የሚያስደረድር ሰው ይፈልጋሉ። በፊት የነበረው ሰውዬ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ስለማያነብ ስንቱን ፓምፕ ዘቅዝቆ አስቀምጦ ዘይቱ ወለል ላይ ፈሶ ተገኘ። አሁን ሥራውን የያዘችው ልጃቸው ሀፍሷ «የትምህርት ማስረጃ አልጠይቅም፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንብቦ የተጻፈውን የሚያደርግ ሰው ይምጣ» ብላለች። ፈተናው ጥር መጨረሻ ቅዳሜ ነው።

«እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» አልኳቸው።

«ፊደል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስድስት ሳምንት አለን። በምሳ ሰዓትህ ና።»

የመጀመሪያውን ቀን ያንን የተረገመ ቃል ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈው አቀረቡልኝ። «ይህን ከያዝክ ግማሹን እንግሊዝኛ ያዝክ» አሉ። ከሥሩ ምሳሌዎች ደርድረዋል። ደብዳቤ ሲመጣልህ «ጌት» ነው። ቤትህ ስትደርስ «ጌት» ነው። ስታረጅ «ጌት» ነው። ከአልጋህ ስትነሳ «ጌት አፕ»፣ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ «ጌት ኢን»። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ቃል ቋሚ አድራሻ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ተበዳሪ ቢሆን ዋስ አልሆነውም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ጎበዜ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ያውቁት የለ? ተሸካሚ ነኝ።»

«ዛሬ ምን ተሸከምክ?»

«ጠዋት ምስር፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ አሁን ከመምጣቴ በፊት ፍራሽ።»

«ታዲያ ፍራሽ ተሸክመህ ያየህ ሰው፣ ጎበዜ ማለት ፍራሽ ነው ይላል?»

«ካልሰከረ በቀር አይልም።»

«ይህም ቃል እንዳንተው ተሸካሚ ነው። ብቻውን አቁመህ ምን ማለት ነህ አትበለው። ምን እንደተጫነበት እይ። ድካም ከተጫነበት ደከመ ነው። ቤት ከተጫነበት ደረሰ ነው። ውሃ ከተጫነበት ሄደህ አምጣ ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ በቃሉ መናደዴን ባልተውም እሱን መናቄን ተውኩ። ደግሞም ጋሼ ይገረም የእኛንም ገበና አወጡብኝ። «አማርኛስ?» አሉ። «'ያዘ'ን ስንት ሥራ ነው የምናሠራው? ተራ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ዝናብ ያዘን፣ ቀጠሮ ያዝን፣ ፖሊስ ያዘው፣ ወገቤን ያዘኝ።» መጨረሻዋን ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

ትምህርቱን እንዲህ ነበር የማጠናው፦ ከሸክም ሥር። ጆንያ ተሸክሜ «መንገድ! መንገድ!» እያልኩ በሰው መሐል ስሄድ በየመሐሉ አንድ ምሳሌ እጥላለሁ። ታክሲ ላይ አንዱ «ወራጅ አለ!» ሲል በልቤ «ጌት ኦፍ» እላለሁ። ደብሪቱ ልጆቹን ስትቀሰቅስ «ጌት አፕ» ስላት «ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችኝ። እሷ ብቻ አይደለችም የታዘበችኝ፤ ቶላም ሰምቶኛል።

«ምን ታንጎራጉራለህ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ጸሎት ነው» አልኩት።

«ጌት ጌት የሚል ጸሎት?»

«ለአንተ አይገባህም።»

ቶላ ማለት አሥራ ስምንት ዓመት ከጎኔ ያልተለየ ሰው ነው። ከአምቦ ወዲያ ነው አገሩ። ሰፊ ትከሻ፣ ጥቂት ቃል። የእኛን ሥራ ለማያውቅ ልንገር፦ ኩንታል ብቻህን ጀርባህ ላይ ማውጣት አትችልም። አጎንብሰህ ትቆማለህ፣ ሰው ያነሳና ይጭንብሃል። የሚጭንብህ ሰው ክፉ ከሆነ ወርውሮ አንገትህን ይሰብርሃል፤ ደግ ከሆነ ቀስ አድርጎ አስተካክሎ ያሳርፍልሃል። ለእኔ አሥራ ስምንት ዓመት የጫነልኝ ቶላ ነው፤ ለቶላም እኔ።

ሸክም ደግሞ በተራ ነው። ጠዋት ስንመጣ እያንዳንዳችን ገመዳችንን ከሱቆቹ ፊት ባለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ በየመጣንበት እናስቀምጣለን። ከዚያ በኋላ ገመዱ የሰውዬው ምትክ ነው። ሻይ ልትጠጣ ብትሄድ፣ ልትሳለም ወይም ልትሰግድ ብትሄድ፣ ገመድህ ተራህን ይዞ ይጠብቅሃል። መኪና ሲመጣ የፊተኛው ገመድ ባለቤት የፊተኛውን ሸክም ይወስዳል፤ ከባድም ይሁን ቀላል ዕድሉ ነው፤ ከባዱ የተሻለ ይከፍላል። አድርሶ ሲመለስ ገመዱን መጨረሻ ላይ ያኖራል። የእኔ ገመድ ጫፉ ላይ ደብሪቱ የቋጠረችው ሰማያዊ ጨርቅ አለው፤ የቶላ ቀይ። የሰው ገመድ መንካት በእኛ ዘንድ የሰው ኪስ ከመግባት ይብሳል። ይህን ያደረገ ሰው «ተራ በሊታ» ይባላል፤ ስሙ አንዴ ከወጣለት ሌላ ሰፈር ሄዶ መሸከም ነው የሚሻለው።

ጥር ሲገባ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ጤፍ ሲመጣ ተራዬ አይደለም፤ የቶላ ነው። ስንዴ ሲመጣ ተራዬ አይደለም። ሳሙና፣ ማካሮኒ፣ ስፖንጅ ሲመጣ «ጎበዜ፣ ተራህ ነው!» ይባላል። አንድ ሁለት ቀን ዕድሌ ነው አልኩ። በሳምንቱ ግን ዕድል እንዲህ ቶላን ብቻ እየመረጠ አይወድም አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? መጠርጠር ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከማዕዘኑ እየታጠፈ ነበር። ቶላ አጎንብሷል። በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤ ሰማያዊዋን ገመዴን አንስቶ ወደ ኋላ አደረገና ቀዩን ከፊቷ አስቀመጠ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

ቀና አለ። «ምንም።»

«ገመዴን ነካህ።»

«ተወው ጎበዜ። ከዚህ ቀጥሎ ሳሙና አለ፤ እሱን ትወስዳለህ።»

«አንተ ማን ነህና ነው የምትመድብልኝ? እኔ እዚህ ቆሜ ላቤን ሳንጠባጥብ አንተ ከጀርባዬ ተራዬን ትበላለህ? ተራ በሊታ!»

በረንዳው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጤፍ የምታበጥረው ሴትዮ እንኳ ወንፊቷን አቆመች። ቶላ ፊቱ ቀላ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ቃል አልወጣውም። መልስ ማጣቱን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ገመዴን ከጠርዙ ላይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ሄድኩ።

አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። እዚያ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አውቶቡስ ሲገባ ማን ቀድሞ ሻንጣ ይይዛል ነው። ወጣቶቹ እየገፈተሩኝ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ የአሮጊት ዘንቢልና የታሰረ ዶሮ ነበር። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሸክም ልሸከም ሳጎነብስ የሚጭንብኝ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ሰሊጥ የያዘ ጆንያ ከላይ ለቀቀብኝና ዓይኔ ጨለመ። በዚያች ቅጽበት ቶላን ሰደብኩት፤ እንዴት ብሎ እሱን እንድናፍቅ ያደርገኛል ብዬ።

ለጋሼ ይገረም ነገሩን ነገርኳቸው። «ለምን እንዳደረገው ጠየቅከው?» አሉ።

«ምን ይጠየቃል? በዓይኔ አየሁት።»

«ያየኸው እጁን ነው። ምን እንደተጫነበት አላየህም።»

«ጋሼ፣ እኛ የተቀጣጠርነው ለእንግሊዝኛ ነው» አልኳቸው። እሺ ብለው ወረቀቱን ዘረጉ። ትዕግሥታቸውን እግዜር ይቁጠርላቸው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ከሱቁ ያስወጣኝ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ደብሪቱ ሸሚዜን ተኩሳ ሰጠችኝ፤ የት እንደምሄድ ግን የነገርኳት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። «ይቅናህ» ብላ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። በሦስት ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ ቆምኩ። ማዶ እህል በረንዳ የድሮ ጓደኞቼ ጠርዙ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አላየሁም ብዬ ገባሁ።

ሀፍሷ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው የዕቃ ዝርዝር ይዛ ነበር። «ይግቡ፣ ጋሼ ጎበዜ» አለችኝ። ተሸካሚን እርስዎ የሚል ሰው በመርካቶ ብርቅ ነውና ከኋላዬ ሌላ ጎበዜ ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ።

«ሦስት ካርቶን አለ» አለች። «የተጻፈውን ያንብቡልኝ፣ ከዚያ የሚለውን ያድርጉ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

የመጀመሪያው «ዚስ ሳይድ አፕ» ይላል። ይህ ጎን ወደ ላይ። አነበብኩ፣ ተዘቅዝቆ ነበርና ገለበጥኩት። ሁለተኛው «ኪፕ ድራይ» ይላል፤ ርጥበት አይንካው። ቀና ብዬ ጣሪያውን ሳይ ቆርቆሮው ላይ የዝገት ቀዳዳ አለ፤ ቀላል ካርቶን ስለነበር አንስቼ ወደ ደረቁ ግድግዳ ወሰድኩት። ሀፍሷ ዝርዝሯ ላይ ምልክት አደረገች። ልቤ ተረጋጋ።

ሦስተኛው ትልቁ ነበር። የውሃ ፓምፕ ነው፤ ወለሉ መሐል ተቀምጧል። «ይህ ወደዚያ መደርደሪያ ይሄዳል» አለች። ጎንበስ ብዬ ጽሑፉን አነበብኩ። «ጌት ሄልፕ ቢፎር ሊፍቲንግ።»

ያ ቃል! ስድስት ሳምንት ሙሉ ያሰቃየኝ ቃል እዚህም መጥቶ ጠበቀኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱን ለመፈለግ አንዲት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የተጫነበት «ሄልፕ» ነው፤ እርዳታ። ከማንሳትህ በፊት ሰው ጥራ ማለት ነው። ጮክ ብዬ በአማርኛ ነገርኳት፤ «ትክክል» አለች።

ማንበቡ አልከበደኝም። የከበደኝ ማድረጉ ነው። ስልሳ ኪሎ ቢሆን ነው ብዬ ገመትኩ። የዛሬ ዓመት ቢሆን እያፏጨሁ አነሳው ነበር። ሰው ጥራ ተብሎ ቢጻፍስ፣ ይህ የተጻፈው መርካቶን ለማያውቅ ፈረንጅ ነው አልኩ በልቤ። ብቻዬን ባነሳው ጎበዝ ትለኛለች፤ ሰው ብጠራ ይሄ ሰውዬ አልቆለታል ትላለች። እጄ ሳላዘው ወደ ካርቶኑ ሄደ። ጎንበስ ስል ያ እሳት ከወገቤ እስከ ተረከዜ ተስቦ ወረደ። ዓይኔ እዚያው ጽሑፉ ላይ ነበር። ቀስ ብዬ ተቃናሁና ወደ በሩ ሄድኩ።

በሩ ላይ ስቆም ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ጠርዙ ላይ ስድስት ያህል ሰው ተቀምጧል፤ ማንንም መጥራት አልችልም። ተራ አለ። እኔ ራሴ በተራ ምክንያት ሰው አዋርጄ የሄድኩ፣ ዛሬ ተራ ዘልዬ ሌላ ሰው ብጠራ ምን ልባል ነው? የፊተኛውን ገመድ አየሁ። ቀይ ነው።

«ተራው የማነው?» ብዬ ጮህኩ፤ እያየሁት።

ጀዋር የሚባለው ወጣት «የቶላ ነው» አለ፣ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየ።

አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንሸከም «ጫን» እንባባላለን እንጂ ሌላውን ቃል ተናግሬው አላውቅም። «ቶላ» አልኩ። «ቶላ፣ እርዳኝ።»

ተነሳ። ገመዱን አንስቶ መንገዱን አቋርጦ መጣ። ሰላም አላለኝም። ሲገባ ካርቶኑን አየ፣ እጄን ወደ ካርቶኑ ስዘረጋ አየ፣ ከዚያ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ጮኸ፦ «ዞር በል አንተ! እንዳትነካው!»

ሀፍሷ ደነገጠች። «ለምን?»

ቶላ ያን ጊዜ ነው የት እንዳለ ያስተዋለው። ሸሚዜን አየ፣ በሀፍሷ እጅ ያለውን ዝርዝር አየ። «እ... እጁ ያልበዋል» አለ። «ያዳልጠዋል። አልፎ አልፎ።»

ቶላ መዋሸት አይችልበትም። ጆሮው ድረስ ላብ በላብ የሆነው እሱ ነበር። የሰደብኩት ሰው እንጀራዬን ላለማበላሸት ሲንተባተብ ሳየው ውስጤ የነበረው ኩራት ሁሉ ተልፈሰፈሰ።

«እጄ አያልበውም» አልኳት ለሀፍሷ። «ወገቤ ነው። ዲስኬ ተንሸራቷል። ከባድ ማንሳት አልችልም።» ከዚያ ወደ ቶላ ዞርኩ። «አንተ ግን በምን አወቅክ? ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም።»

«በምን አወቅክ ይለኛል!» አለ ቶላ። «ጆንያውን ጀርባህ ላይ የምጭነው ማነው? ኅዳር ላይ ያን ጤፍ ካሸከምኩህ ወዲህ፣ በጫንኩብህ ቁጥር ጀርባህ ከእጄ ሥር ይንቀጠቀጣል። የአንተን ጀርባ ከደብሪቱ በላይ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ጤፉ፣ ስንዴው፣ ሳሙናው፣ ስፖንጁ አንድ በአንድ በፊቴ አለፉ። ከባዱን ሁሉ እሱ ወስዶ ቀላሉን ለእኔ ሲያስቀር ነበር፤ የወገቤን ነገር እንዳላፍርበት ደግሞ ዝም ብሎ። እኔ በረንዳ ሙሉ ሰው ፊት ስም አወጣሁለት። እሱ ግን ስሙን ችሎ ተቀመጠ፤ ራሱን ለማዳን ገመናዬን ማውጣት ይችል ነበር፣ አላወጣም። እንባዬ መጣ፤ መምጣቱን አልደብቅም።

ሀፍሷ ስልኳን አስቀመጠች። «ፓምፑ እኮ አሁንም መሬት ላይ ነው» አለች።

ቶላ በበሩ ብቅ ብሎ ከእሱ ቀጥሎ ተረኛ የነበረውን ጀዋርን ጠራ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ያዙት። እኔ ከፊት ሆኜ «ቀስ፣ ወደዚህ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ላይ ይሁን» እያልኩ ስመራቸው መደርደሪያው ላይ አሳረፉት። ሲያልቅ ወደ ሀፍሷ ዞርኩና «ይቅርታ፣ ጊዜሽን አባከንኩ» አልኳት። እርስዎ ልበላት አንቺ ልበላት እስከዚያች ሰዓት አልወሰንኩም ነበር።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች። «በፊት የነበረው ሰው ጉልበቱን ሊያሳየን ብቻውን ሲያነሳ ሁለት ፓምፕ ከስክሶብናል። እኛ የምንፈልገው አንብቦ ሰው የሚጠራ ሰው ነው። ሰኞ በሁለት ሰዓት ይምጡ።»

ከመጋዘኑ ስንወጣ ጀዋር ቀድሞን ሄደ። እኔና ቶላ መንገዱ ዳር ቆምን። ጋሪዎች፣ ሚኒባሶች፣ እየጮኹ የሚያልፉ ተሸካሚዎች፤ መርካቶ ለይቅርታ ቦታ አይለቅም። «በሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፤ በሰው ፊት ነው ይቅርታ የምልህ» አልኩትና ክንዱን ይዤ ወደ ጠርዙ ወሰድኩት። ሁሉም እየሰማ «ተራ በሊታ ያልኩት በሐሰት ነው፤ ቶላ ከባዱን እየተሸከመልኝ ነበር» አልኩ። ጤፍ አበጣሪዋ ሴትዮ «እሰይ!» አለች፣ ወንፊቷን ሳታቆም።

ቶላ አፍሮ ገመዱን መጨረሻ ላይ ለማኖር ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከሰልፉ መሐል አንድ ያረጀ የናይሎን ገመድ አለ፤ ጫፉ ላይ የሰማያዊ ፌስታል ቅዳጅ ታስሯል። የሚጠጋው ሰው የለም።

«ይሄ የማነው?» አልኩ።

«የአንተ ነዋ!» አለ ጀዋር። «ከሄድክ ጀምሮ ቶላ በየጠዋቱ ይዞት ይመጣል። ተራው ሲደርስ እናሳልፈዋለን፣ አንስተን መጨረሻ እናደርገዋለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገመድ ስናዞር ከረምን።»

ቶላ ትከሻውን ሰበቀ። «ብትመለስስ ብዬ ነው» አለ።

አቀፍኩት። ሌላ ምን ይደረጋል? «ቶላ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፤ አነሰኝና ደገምኩት። ከዚያ ተክለ ሃይማኖት ሄጄ ጋሼ ይገረምን ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ወገብህን!» ብለው ጮኹብኝ። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉትን እየደጋገምኩ ስተርት አርጅቻለሁ፤ ሎሚዬን ያካፈሉኝ ሰዎች እንዳሉ ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

አሁን መጋዘኑ ከገባሁ ወራት አለፉ። ከባድ ካርቶን ሲመጣ በር ላይ ወጥቼ «ተራው የማነው?» እላለሁ። ከበሩ ላይ ሆኜ ሁሉም ነገር ይታየኛል፤ አይሱዙው ከማዕዘኑ ሲታጠፍ ምን እንደጫነም አያለሁ። ቶላ ከፋሲካ ወዲህ ሲሄድ ቀኝ ጉልበቱን ያዝ ያደርገዋል። አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ማክሰኞ ቶላ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ሳለ ጤፍ የጫነ መኪና ታጠፈ። ቀይዋ ገመድ ፊት ናት፣ ቀጥላ ያለችው የጀዋር ናት፤ ጀዋር ወጣት ነው፣ ከባዱን ይወዳል። መንገዱን በፍጥነት ተሻገርኩ፣ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ቀይዋን አንስቼ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ አደረግኳት። ከጤፉ በስተኋላ የማካሮኒ መኪና እንዳለ አይቻለሁ። ቀና ስል ቶላ ብርጭቆውን እንደያዘ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

ገመዷን አየ። ከዚያ ጉልበቱን አየ። ቀጥሎ መንገዱን ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ እየሳቀ ጮኸብኝ፦

«ተራ በሊታ!»